የድንጋይ ዘር ቆጠራ፤ ከሲሪንቃ ማሳ የተነሣ ጥያቄ

ጥያቄው የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። ከመካከላችን አንዱ የሲሪንቃ ልጅ ነውና ባለፈው ሰኔ ፈተናው እንዳለቀ አራት ሆነን ወደ አገሩ ሄድን። ሲሪንቃን ለማያውቅ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ መርሳ ከታለፈ በኋላ ወልድያ ሳይደረስ፣ በሀብሩ ወረዳ መንገድ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ስሟ ከአካባቢዋ አልፎ የታወቀው በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነው፤ ስለ ማሽላ የሚጽፉ ባለሙያዎች ሁሉ ይጠሯታል። እኛ ግን የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ የማሽላ ጉዳይ አልነበረንም። የሄድነው የጓደኛችንን አያት ለመጠየቅና ቡናቸውን ለመጠጣት ነበር።

ቶናው ሲቀዳ እማማ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ድንጋይ አውርደው ከፊታችን አስቀመጡ። የሁለት እንቁላል ያህል ነው። ነጭ ሆኖ ወደ አመድማ ያደላል፤ ወደ ብርሃን ሲያዙት ጠርዙ ያሳልፋል። «እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉን።

ነገሩ የወግ ጥያቄ አልነበረም። የጓደኛችን ታናሽ ወንድም ከ10ኛ ክፍል ትምህርቱን ትቶ ደላንታ ኦፓል ሊቆፍር ከሄደ ዓመት አልፎታል። ለፋሲካ ሲመጣ ይህንን ድንጋይ አይቶ «ኦፓል ነው፣ ከሥሩ ሌላ አለ» አለ። ድንጋዩ የወጣው ከማሳቸው ጫፍ ነው። ልጁ ያንን ጫፍ እንቆፍረው ይላል፤ እሳቸው ደግሞ በየዓመቱ ሽምብራ የሚዘሩት እዚያው ላይ ነው። ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ ጎርፍ እንደሚያሰፋው ያውቃሉ፤ ከጎረቤት አይተዋል። እውነት ከሆነ ይቆፈር፣ ካልሆነ ይቅር። ለይቶ የሚነግራቸው ሰው ነው ያጡት።

እርስ በርስ ተያየን። ስለ ዐድዋ ቢጠይቁን፣ ስለ ዘመነ መሳፍንት ቢጠይቁን እስከ በረካው እናወራ ነበር። ድንጋይ ግን! ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ «እብነ በረድ ይመስላል» አለና ወዲያው አፈረ። «ኧረ አብሽሩ፣ አታውቁትም እንዴ?» ብለው ሳቁብን። በጣም አፈርን። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ከዚያ ኀፍረት የተወለደ ነው። ክረምቱን በቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን፣ ድንጋይን በወገን በወገኑ የመክፈል ዕውቀት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ስንከታተል ቆየን። ሳይንሱ የሌላ ክፍል ሰዎች ነው፤ ታሪኩ ግን የእኛ ነው ብለን ነው የገባንበት።

ከቤታችን እንጀምር። የኛ ሊቃውንት የዕንቍ ስም አላጡም። ከኦሪት ዘፀአትና ከዮሐንስ ራእይ የመጡ ስሞች፤ ሰርድዮን፣ ቶጳዝዮን፣ ሰንፔር፣ መረግድ፣ ኢያሰጲድ፤ በየድርሳኑ ተበትነው ይገኛሉ። ነገር ግን ያንን ስም የተሸከመው ድንጋይ ከምን እንደ ተሠራ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አላስፈለገም። ቀለሙና ክብሩ ይበቃ ነበር። ገበያው ደግሞ የራሱ ክፍፍል ነበረው። ጨው ለወጥና ለከብት፣ ድኝ ለባሩድና ለቁስል፣ ኩል ለዐይን፣ ኖራ ለግድግዳ፣ ባልጩት ለስለት። ወፍጮ የሚያስወቅር ሰው ከጥቁር ድንጋይ መካከል የትኛው ዱቄቱን አሸዋ እንደሚያደርግ፣ የትኛው እንደማያደርግ በመዳሰስ ይለያል። ይኼ ሁሉ ዕውቀት ነው፤ እንዳይናቅ። ግን የሚጠይቀው «ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ነው። «ምንድን ነው?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የእማማም ጥያቄ ይኸኛው ነበር።

አውሮፓውያንም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ከዚህ የተሻለ አልነበራቸውም። የግሪኩ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ያህል ቀድሞ ስለ ድንጋዮች ሲጽፍ፣ እሳት ውስጥ ሲገቡ የሚቀልጡና የማይቀልጡ እያለ ነበር የሚለያቸው። ሊኔ የተባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1735 ፍጥረትን በሦስት መንግሥት ሲከፍል ድንጋይን ሦስተኛው መንግሥት አደረገው፤ ለአበባ የተመቸው ዘዴ ለድንጋይ ግን አልሠራም። አበባ ይወልዳል፤ ድንጋይ አይወልድም። ዘሩ በምን ይቆጠራል? ጀርመናዊው ቬርነር እ.ኤ.አ. በ1774 ድንጋይን በአምስቱ ሕዋሳት ለመለየት መመሪያ አወጣ፤ በቀለሙ፣ በጥንካሬው፣ በሽታው፣ በጣዕሙ ሳይቀር። ከወፍጮ ወቃሪው ብዙም አይርቅም፤ ልዩነቱ መጻፉ ነው።

መታጠፊያው የመጣው ከማዕድን ጉድጓድ ነው እንጂ ከመምህራን ወንበር አይደለም። አክሴል ክሮንስቴት የሚባል ሌላ ስዊድናዊ የማዕድን ሥራ ሹም ነበር። መሣሪያው አንጥረኞች የሚያውቁት ዓይነት ቀጭን ቧንቧ ነው፤ በአፍ እየነፉ የሻማን ነበልባል አሹለው በድንጋይ ቅንጣት ላይ ያሳርፉታል። አንዱ ድንጋይ ይቀልጣል፣ ሌላው ነበልባሉን አረንጓዴ ያደርጋል፣ ሌላው የድኝ ሽታ ያወጣል። ክሮንስቴት እ.ኤ.አ. በ1756 አንዱን ዓይነት ሲያሞቀው እንደ ድስት ተንተከተከበትና ከግሪክ ቃል «ዚዮላይት»፣ የሚፈላ ድንጋይ፣ አለው። በ1758 ደግሞ ማዕድናትን በመልካቸው ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ነገር የሚከፍል መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙንም አልጻፈበትም። ለምን እንደ ደበቀ እያንዳንዱ አንባቢ ይገምት፤ እኛ ግን ስም ሳይጻፍበት የሚወጣ ጽሑፍ ሲያጋጥመን ሁልጊዜ ደስ ይለናል።

ይሁን እንጂ «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ ለመክፈል በመጀመሪያ ንጥረ ነገሮቹ መታወቅ ነበረባቸው። ላቯዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 የንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ሲያወጣ 33 ብቻ ቆጠረ፤ ከነዚያም ብርሃንና ሙቀት ይገኙበታል። የድንጋይ ሁሉ አባት የሆነውን ሲሊካን እንኳ ሊከፈል የማይችል ጥሬ «አፈር» አድርጎ ነበር የመዘገበው። ሲሊኮን ተለይቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው፤ ያወጣውም ዮንስ ያኮብ ቤርዜልዩስ ነው።

ከዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የነገሩ ቋጠሮ ያለው ከቤርዜልዩስ ዘንድ ነውና። አንድ ማዕድን ባብዛኛው ሁለት ወገን አለው። አንዱ ብረታዊው ነው፤ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ብረት። ሌላው ከርሱ ጋር የተጣመረው አሉታዊ ወገን ነው፤ ክሎሪን፣ ድኝ፣ ኦክስጅን፣ ካርቦኔት። ዘር በየትኛው ይቆጠር? በአባት ወይስ በእናት? ቤርዜልዩስ በ1814 ሥርዓቱን ሲያወጣ በብረታዊው ቆጠረ። የብረት ልጆች አንድ ላይ፣ የመዳብ ልጆች አንድ ላይ። ለቆፋሪ ይኼ ደስ ይላል፤ ብረት የሚፈልግ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ግን ነገሩ ሲታይ የማይመስል ነገር ሆነ። የብረትና የድኝ ልጅ እንደ ወርቅ ያብለጨልጫል፤ የብረትና የኦክስጅን ልጅ እንደ ደም ቀይ ነው፤ የብረት ካርቦኔት ደግሞ ሁለቱንም አይመስልም። በአንጻሩ የብረት፣ የካልሲየምና የማግኒዝየም ካርቦኔቶች በቅርጻቸው እንደ መንትያ ናቸው። ሚቸርሊክ የተባለው ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1819 አንዱ ብረት በሌላው ቦታ ገብቶ ክሪስታሉ ሳይለወጥ እንደሚቀር ካሳየ በኋላ ክርክሩ አለቀ። ቤርዜልዩስ በ1824 የራሱን ሥርዓት ገለበጠ፤ ዘር በአሉታዊው ወገን ይቆጠር አለ።

ለኛ አገር ሰው ይህንን ከጨው የበለጠ የሚያስረዳው የለም። ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ሶዲየምና ክሎሪን ነው። አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እዚህ አገር በነበረበት ጊዜ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሄድ፣ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ሲወደድ አይቶ ጽፏል። እዚያው ዳሎል ከአሞሌው አጠገብ ፖታሽ አለ፤ ፖታሲየምና ክሎሪን። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም በውኃ የሚሟሙ፣ ክሪስታላቸውም እንደ ዳይ ማዕዘን። አንዱ ወጥ ያጣፍጣል፣ ሌላው ይመርራል፣ ለማዳበሪያ ይሆናል፤ ዘራቸው ግን አንድ ነው፤ ክሎሪን ነው ያዛመዳቸው። ሶዲየም በየድንጋዩ ውስጥ አለ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ እንኳ አለ፤ ግን ጥቁር ድንጋይ ልሶ ጨው ያገኘ በሬ የለም።

አሜሪካዊው ጄምስ ድዋይት ዳና የማዕድናት ሥርዓት የሚለውን መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1837 ሲያወጣ 24 ዓመቱ ነበር። ከኛ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ልጅነቱ አታለለውና ድንጋዮችን እንደ ዕፅዋት በላቲን ጥንድ ስም ሰየማቸው። በ1850 እትም ግን ያንን የራሱን ሥርዓት በገዛ እጁ ጣለው፤ በ1854 የቤርዜልዩስን መንገድ ያዘ። ከዚያ ወዲህ የመማሪያ መጻሕፍት ሁሉ የሚከተሉት ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ብቻቸውን የሚገኙት፣ እንደ አዶላ ወርቅና እንደ ዩብዶ ፕላቲነም፤ ቀጥሎ የድኝ ልጆች፤ ቀጥሎ ኦክሳይዶችና የጨው ዘመዶች፤ ካርቦኔቶች፣ ሰልፌቶች፣ ፎስፌቶች፤ በመጨረሻ ከሁሉ የሚበዙት ሲሊኬቶች። ጀርመናዊው ሽትሩንዝ እ.ኤ.አ. በ1941 ይህንኑ ከክሪስታል አሠራር ጋር አዛምዶ አደሰው። ዛሬ የታወቁት ማዕድናት ከ6,000 ይበልጣሉ።

የዳና መጽሐፍ አምስተኛ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ይህቺን ዓመት የታሪክ ተማሪ ዝም ብሎ አያልፋትም። በኛ አቆጣጠር 1860 ናት፤ ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱባት።

ከናፒየር ጦር ጋር ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል የድንጋይ ሊቅ ነበር፤ የሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ሰው። ከዙላ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በእንጣሎ፣ በአሸንጌ አድርጎ እስከ ዋድላና ደላንታ፣ ከዚያም እስከ መቅደላ ከጦሩ ጋር ሄደ። ሲሪንቃ በመንገዱ ላይ አልነበረችም፤ ከተራራው ወዲህ ናት። እ.ኤ.አ. በ1870 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ ድንጋይ በሥርዓት ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ያን ተራራ ሁሉ የሠራውን ጥቁር ድንጋይ በሕንድ ካለው የዴካን ድንጋይ ጋር አስተያየው፤ የታችኛውን ንብርብር «የአሸንጌ ወገን»፣ የላይኛውን «የመቅደላ ወገን» ብሎ ጠራው። የእንጣሎ የኖራ ድንጋይና የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚሉትም ስሞች ከርሱ ይነሣሉ።

እዚህ ላይ ሐሳባችን ለሁለት ተከፈለ። ከኛ አንዱ «ጦር ይዞ መጥቶ ድንጋያችንን ሰየመልን ብለን እናመስግን?» አለ። ያ ጦር የመቅደላን መጻሕፍትና ዕቃ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጭኖ እንደ ወጣ እናውቃለንና ንግግሩ ሐሰት አይደለም። ሌላው ደግሞ «ቢያንስ የቦታውን ስም አልነጠቀም» ብሎ መለሰ። ይኼም እውነት ነው። የእማማ ማሳ ሸክላ አፈር ሞንሞሪሎናይት ከሚባለው ወገን ነው፤ ስሙ እ.ኤ.አ. በ1847 ከአንዲት የፈረንሳይ ከተማ የተወሰደ ነው። አሸንጌ ግን አሸንጌ ተብሎ ቀረ። ክርክሩን አልጨረስነውም።

ብላንፎርድ ያላየው አንድ ነገር አለ። የደላንታን ሜዳ አቋርጧል። ከዚያ ሜዳ ጫፍ፣ በገደሉ ግድግዳ ውስጥ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር የማይበልጥ አንድ ንብርብር ነበር። በወገል ጤና አካባቢ ሰዎች ያንን ንብርብር አግኝተው የወሎ ኦፓል ለዓለም ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከብላንፎርድ 140 ዓመት በኋላ። የሰየመውም የመዘገበውም ቀድሞ አለፈ፤ ያገኘው ገደል ለገደል የሚሄድ ያገር ልጅ ነው።

አሁን ወደ ሲሊኬቶች እንግባ፤ ሲሪንቃ ያለችው እዚያ ነው። በ1824 የተገለበጠው ሥርዓት ለጨውና ለካርቦኔት ቢመችም ሲሊኬቶች ላይ ሲደርስ ይደናበር ነበር። ከምድር ቅርፊት ከአሥር ዘጠኝ እጅ በላይ የሆነው ይህ ወገን በኬሚካዊ ይዘቱ ብቻ ሲመዘን እንደ ተደባለቀ እህል ነው፤ ሁሉም ውስጥ ሲሊኮንና ኦክስጅን፣ ሁሉም ውስጥ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ። መፍትሔው የመጣው ከኤክስሬይ ነው። ሎውረንስ ብራግ እ.ኤ.አ. በ1913 ከአባቱ ጋር ሆኖ የጨውን ውስጣዊ አሠራር በኤክስሬይ አሳየ፤ እያንዳንዱ ሶዲየም በስድስት ክሎሪን ተከቦ፣ እያንዳንዱ ክሎሪንም እንዲሁ። የ23 ዓመት ልጅ ነበር። (እነዚህ ወጣቶች ምነው በዙብን!) በመንገዱ የተከተሉት ሰዎች ሲሊኬቶችን ሲያዩ አንድ ሲሊኮን በአራት ኦክስጅን መካከል ተቀምጦ አገኙ። ዘሩ የሚቆጠረው እነዚህ አራት ማዕዘኖች እንዴት እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ ነው። ብቻቸውን የቆሙ አሉ፣ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ አሉ፣ እንደ እንጀራ የተነባበሩ አሉ፣ በሁሉም አቅጣጫ የተቆላለፉ አሉ።

የሲሪንቃ ዋልካ ከእንጀራዎቹ ነው። ሰማይ ጠቀስ የሆነው የወሎ ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደ ጎርፍ የፈሰሰ እሳተ ገሞራ ነው። ዝናብ ሲፈታው፣ ውኃ በሚተኛበት ለጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ሲሊካውና ማግኒዝየሙ ሳይታጠቡ ይቀሩና ስመክታይት የሚባለው ሸክላ ይሠራል። በንብርብሮቹ መካከል ውኃ ይገባል፤ እንጀራው ያብጣል። በጋ ሲመጣ ውኃው ይወጣና መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ከፍ ብሎ ውኃ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ግን ያው ድንጋይ ሲፈታ ሲሊካው ታጥቦ ይሄዳል፤ የማያብጥ ካኦሊናይትና ቀይ የብረት ኦክሳይድ ይቀራል። ቀይ አፈርና ጥቁር አፈር የአንድ ድንጋይ ልጆች ናቸው፤ የለያቸው ውኃ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለው የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይገመታል። እማማ ይህንን በራሳቸው ቋንቋ ነገሩን። «ዋልካ ሲርስ በሬ ይይዛል፣ ሲደርቅ ማረሻ ይሰብራል፤ መሐሏን ካላገኛት አይታረስም» አሉ። የተነባበረ ሲሊኬት ጠባይ ከዚህ ባጠረ ቃል ተጽፎ አላየንም።

ኦፓልስ? ኦፓል ሲሊካና ውኃ ነው፤ ሌላ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ከሚሊ ሜትር ሺሕኛ እጅ ያነሱ የሲሊካ ድብልብሎች እንደ ሽምብራ በሥርዓት ተደርድረው አገኙ፤ ቀለሙን የሚያጫውተው ድርደራቸው ነው። የደላንታው ኦፓል ደግሞ ውኃ ይጠጣል፤ ሲርስ መልኩ ይለወጣል። ከሁሉ ያስደነቀን ግን አመጣጡ ነው። የወሎን ኦፓል ያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት በዚያ ጥንታዊ ዘመን የወረደው የእሳተ ገሞራ አመድ አፈር እየሆነ ሲሄድ ነው የተፈጠረው፤ አጠገቡ ሸክላ አለ፣ ውስጡም የጥንት ዕፅዋት ቅሪት ይገኛል። ማለት የጥንት ማሳ ነው። የእማማ ዋልካና የደላንታ ዕንቍ ከአንድ ዓይነት ሥራ የወጡ ናቸው፤ ድንጋይ በውኃ ሲፈታ።

ታዲያ ኦፓል ዘሩ ከማን ነው? እዚህ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተለያይተዋል። በይዘቱ ኦክሳይድ ነው፤ ሲሊኮንና ኦክስጅን ብቻ ነውና፤ የሽትሩንዝ ሠንጠረዥ እዚያ ያስቀምጠዋል። በአሠራሩ የተቆላለፈ ሲሊኬት ነው፤ የዳና ወራሾች እዚያ ያስቀምጡታል። ጥብቅ የሆኑት ደግሞ ክሪስታል ስለሌለው ማዕድን ለመባልም አይበቃም ይላሉ። መንግሥት በበኩሉ ሌላ ሥርዓት አለው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ማዕድናትን የከበሩ፣ የኢንዱስትሪ፣ የኮንስትራክሽን እያለ ከፈለ። ቤት የሚሠራበት የኳርትዝ አሸዋ፣ መስተዋት የሚሠራበት ነጭ አሸዋ፣ ቀለበት ላይ የሚወጣው ኦፓል፤ ሦስቱም ሲሊካ ናቸው። በአዋጅ ግን የሦስት አገር ሰዎች ይሆናሉ። ይህ ክፍፍል የኪስ ነው ብለን ስንሥቅ ነበር፤ ኋላ ግን ተውነው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት መግቢያ ላይ ደላንታ ውስጥ የኦፓል ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ሥር መቅረታቸውን ስንሰማ፣ ሰውን ገደል ውስጥ የሚያስገባው የትኛው ክፍፍል እንደሆነ ገባን።

ለመስቀል ወደ ሲሪንቃ ስንመለስ የጂኦሎጂ ተማሪ የሆነች ጓደኛ ይዘን ነው። ልጁም ከደላንታ መጥቶ ነበር። አልተከራከረም፤ «እስቲ እንይ» ብቻ አለ።

መጀመሪያ ድንጋዩን በሹል ነገር ጫር አድርጋ ዱቄቱ ላይ ሎሚ ጨመቀችበት። ካርቦኔት ቢሆን አረፋ ያወጣ ነበር፤ ዝም አለ። (እብነ በረድ ያለው ልጅ ወደ ውጭ ወጣ።) ጠርሙስ ላይ ስትስበው ጠርሙሱን ጫረው፤ እንግዲህ ከሲሊካ ወገን ነው። ልጁ ቀና አለ። ይህ እንዳይበቃን ያነበብነው አስጠንቅቆናል፤ በይዘቱ ብቻ ከሄድን ኦፓልም ሌላውም ያው ሲሊካ ነው፤ የሚለያያቸው ውኃውና አደራደሩ ነው። ድንጋዩን ማታ ውኃ ውስጥ ጨምረን አሳደርነው። ጠዋት ብናየው መልኩ አልተለወጠም። ከዚያ ከጎረቤት ሱቅ ሚዛን ተዋስን። ድንጋዩ ሲመዘን 260 ግራም። ውኃ ያለበት ጆግ ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ፤ ድንጋዩ በክር ታስሮ የጆጉን ሥር ሳይነካ ውኃው ውስጥ ተንጠለጠለ፤ ሚዛኑ በ100 ግራም ጨመረ። ድንጋዩ በእኩል ስፋት ካለው ውኃ 2.6 ጊዜ ይከብዳል ማለት ነው። ኦፓል ሁለት ገደማ ነው የሚሆነው። 2.6 የኳርትዝ ወገን ክብደት ነው።

«ካልሴዶኒ ነው» አለች ጓደኛችን። «ጥቁሩ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በቀረው ባዶ ቦታ ውስጥ ገብቶ የረጋ ሲሊካ። በዚህ ተራራ ብዙ አለ።»

«ይሸጣል?» አለ ልጁ።

«ለመቆፈሪያው ድካም አይሆንም።»

ዝም አለ። ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ፀሐይ ያዘው፣ ጠርዙ ሲያሳልፍ አየ፣ ምላሱ ላይ አድርጎ ሞከረው፤ የደላንታው ኦፓል ምላስ ይይዛል አለን፤ ይኼኛው አልያዘም። «ይህን እኔም አውቅ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለኛ ይሁን ለራሱ ሳናውቅ። ሞክሮት ኖሮ ይሆን? አልጠየቅነውም።

እማማ ድንጋዩን ተቀብለው ስሙን ደግመን እንድንነግራቸው አደረጉ። ሁለት ጊዜ ካሉት በኋላ «ከዘፀአቱ ኬልቄዶን ጋር ዘመድ ነው?» ብለው ጠየቁን። የቄስ ልጅ መሆናቸውን እስከዚያች ሰዓት አናውቅም ነበር። ስሙ ከዚያው ከስሙ እንደሚመጣ ጓደኛችን አረጋገጠች። ደስ አላቸው፤ ወደ መደርደሪያው መልሰው አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ ልጁ በሬዎቹን ጠምዶ የማሳውን ጫፍ አረሰላቸው፤ ዋልካው መሐሉ ላይ ነበር፣ አልያዘም አልደረቀምም። ሽምብራው ተዘራ። እሑድ ዕለት ልጁ ከኛ ጋር እስከ ወልድያ በአንድ ሚኒባስ መጣና የደላንታን መኪና ለመያዝ ወረደ።